«ሁሉም ተከፍሎታል» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ፦ ስክሪን ይለካል

ሰሞኑን ስለ ስልክ ስክሪን የተጻፈ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ብዙ ሰው ሲቀባበለው ነበር። ለእኔም ከተለያየ ሰው ደርሶኛል። ጉዳዩ የአይፎንና የሳምሰንግ ደጋፊዎች የማያልቅ ክርክር ነው፤ የማን ስክሪን ይበልጣል የሚለው። ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው። የውጭ የቴክኖሎጂ ጋዜጠኞች በሙሉ ለአፕል ያደላሉ፤ የሚያደሉትም ተከፍሏቸው ነው። የአይፎንን ስክሪን የሚሠራው ሳምሰንግ ስለሆነ ለአይፎን የሚሰጠው ሙገሳ ሐሰት ነው። ብዙ ፒክስል (ምስሉ የሚሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ያለው ስክሪን ይበልጣል። ብዙ ኒት (የድምቀት መለኪያ) ያለውም እንደዚያው። ኦሌድ ስክሪን (እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ የሚያበራበት ዓይነት) ራስ ምታት ያመጣል የሚባለው ተራ ወሬ ነው። ስለዚህ የማንንም ሪቪው (የስልክ ግምገማ) አትመኑ፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይታችሁ ግዙ።

በአማርኛ ስለዚህ ጉዳይ ጊዜ ሰጥቶ የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ጽሑፉን በአክብሮት ነው ያነበብኩት። የመጨረሻው ምክር ግን በጣም አሳስቦኛል። እኛ ሀገር አንድ ደህና ስልክ የብዙ ወር ደሞዝ ነው። ይህን ምክር ይዞ ሱቅ የሚገባ ሰው ገንዘቡን ሊያቃጥል ይችላል። የጸሐፊው ትልቁ ስህተት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ስክሪን በመሣሪያ የሚለካ ነገር ነው። ብርሃኑ ይለካል፣ ቀለሙ ይለካል፣ መርገብገቡም ይለካል። በሚለካ ነገር ላይ የሚዋሽ ሰው ደግሞ ይያዛል። «ሁሉም ተከፍሎታል» ካልን ግን መለካቱንም ተውነው ማለት ነው።

ነጥብ በነጥብ ልሂድ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

«የአይፎን ስክሪን የሳምሰንግ ነው» ከሚለው ልጀምር። መነሻው እውነት ነው። በ2017 የወጣው አይፎን ኤክስ የመጀመሪያው ኦሌድ ስክሪን ያለው አይፎን ነው፤ ስክሪኑንም የሠራው ሳምሰንግ ዲስፕሌይ ነው። በኋላ ኤልጂ ዲስፕሌይና የቻይናው ቢኦኢም ገብተውበታል። ጸሐፊው ግን ከዚህ ተነስተው «እንግዲያው ሁለቱ ስክሪኖች አንድ ናቸው፤ አንዱን ያስበለጠ ጋዜጠኛ ተገዝቷል» ወደሚል ድምዳሜ ይሄዳሉ። ይህ አያስኬድም። ሳምሰንግ ዲስፕሌይ ስክሪን አምርቶ ለተለያዩ ስልክ ሠሪዎች ይሸጣል። ጋላክሲን የሚሸጠው ሌላው ነው፣ ሳምሰንግ ኤሌክትሮኒክስ። ገዢ ኩባንያ የሚፈልገውን ዝርዝር ይዞ ይመጣል፤ ስክሪኑም በዚያ ልክ ይሠራል። ነጩ ወደ ሰማያዊ ያድላ ወይስ ወደ ቢጫ፣ ቀዩ ምን ያህል ይድመቅ፣ ጨለም ባለ ፎቶ ውስጥ ያለው ዝርዝር ይታይ ወይስ ይዋጥ፤ ይህን ሁሉ የሚወስነው ስልኩን የሚሸጠው ነው። ከአንድ ወፍጮ ቤት በወጣ ዱቄት ሁለት ቤት የተጋገረ እንጀራ አንድ አይሆንም።

ጸሐፊው እዚህ ላይ ዲስፕሌይሜት የተባለውን የአሜሪካ የስክሪን መለኪያ ድርጅት ለአድልዎ ምስክር አድርገው ያቀርባሉ። አይፎን ኤክስን «ከሁሉ የላቀ» ብሏልና። ብሏል። ይኸው ድርጅት ግን በዚያው በ2017፣ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ መጀመሪያ ለጋላክሲ ኤስ 8፣ ቀጥሎም ለኖት 8 ይህንኑ ማዕረግ ሰጥቶ ነበር። ይህ ጽሑፉ ውስጥ የለም። የድርጅቱ መሥራች ሬይመንድ ሶኔይራ ደግሞ በ2010 የያኔውን የአፕል ኃላፊ ስቲቭ ጆብስን በአደባባይ የሞገተ ሰው ነው። ጆብስ አይፎን 4ን ሲያስተዋውቅ፣ ስልክ ከዓይን 25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሲያዝ በአንድ ኢንች 300 ገደማ ፒክስል ካለ ዓይናችን ፒክስሎቹን ለይቶ ማየት ያቆማል አለ። አይፎን 4 በአንድ ኢንች 326 ነበረው። ሶኔይራ ተነስቶ «አይደለም፤ በጣም ጥሩ ዓይን በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት እስከ 477 ድረስ ይለያል» ብሎ ጻፈ። ወዲያው ፊል ፕሌት የተባለ የሥነ ፈለክ ሳይንቲስት ሒሳቡን ሠርቶ፣ ለአብዛኛው ሰው ዓይን የጆብስ ቁጥር ልክ ነው ሲል መለሰ። ሁለቱም ሒሳባቸውን በግልጽ አስቀምጠዋል። ጎበዝ ተማሪ ቁጭ ብሎ ሊፈትሸው ይችላል። የምፈልገው ክርክር እንዲህ ያለውን ነው።

ዲስፕሌይሜት እንከን የለውም አልልም። በየጥቂት ወሩ አዲስ የመጣውን ስልክ «እስካሁን ካየነው ሁሉ የበለጠ» ማለት ለገዢ እምብዛም አይረዳም። ግን ይህ ከጉቦ ጋር አይገናኝም።

ሁለተኛው፣ የፒክስል ነገር። ጸሐፊው ሪዞሉሽን (የፒክስል ብዛት) ከፍ ያለው ስክሪን ሁልጊዜ ይበልጣል፤ ጋዜጠኞች ይህን የሚደብቁት የአይፎን ሪዞሉሽን ዝቅ ስለሚል ነው ይላሉ። የ2012ቱን ጋላክሲ ኤስ 3 እንውሰድ። ስክሪኑ 4.8 ኢንች፣ 1280 በ720፣ በአንድ ኢንች 306 ፒክስል። ወረቀት ላይ በዚያው ዓመት ከወጣው አይፎን 5 ጋር የሚቀራረብ ነው። ነገር ግን በተለመደው ኤልሲዲ ስክሪን (ብርሃኑን ከኋላው ከተገጠመ መብራት በሚያገኘው የቆየ ዓይነት) አንድ ፒክስል ሦስት ትንንሽ መብራቶች አሉት፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። የጋላክሲ ኤስ 3 ስክሪን ፔንታይል በሚባለው አደራደር የተሠራ ነው። በዚህ አደራደር አንድ ፒክስል ሁለት መብራት ብቻ ነው ያለው፤ አረንጓዴው በሁሉም አለ፣ ቀይና ሰማያዊ ይፈራረቃሉ። ስለዚህ በሦስት ቢሆን 2.8 ሚሊዮን ገደማ መብራት ሊኖረው የሚገባ ስክሪን የነበረው 1.8 ሚሊዮን ገደማ ነው። የትንንሽ ፊደላት ጠርዝ የሸካከረውም በዚህ ነበር። ካርቶኑ ላይ ይህ አይጻፍም። ይህን ያጋለጡት ስክሪኑን አጉልተው ያዩ ሪቪወሮች ናቸው። ዛሬ ኦሌድ አይፎኖችም በተመሳሳይ አደራደር ነው የሚሠሩት፤ በአንድ ኢንች 458 ላይ ሲደርስ ግን ዓይን አያገኘውም።

ሌላም አለ። ጋላክሲ ኤስ 8 ስክሪኑ 2960 በ1440 ነው። ከካርቶን ሲወጣ ግን ሴቲንጉ 2220 በ1080 ላይ ተደርጎ ነበር የሚመጣው። ይህን ያደረገው ሳምሰንግ ራሱ ነው። «ሁሉም ለአፕል ያደላል» ለሚለውም የ2018ቱ አይፎን ኤክስ አር ይበቃል። ኤልሲዲ፣ 1792 በ828፣ በአንድ ኢንች 326። ብዙ የውጭ ሚዲያ በዚህ ዋጋ እንዴት እንዲህ ያለ ስክሪን ብሎ ወረደበት። ያም ሆኖ በ2019 በዓለም ላይ በብዛት በመሸጥ ቀዳሚው ስልክ ሆነ። ተገዝቷል የተባለው ሚዲያ ስክሪኑን ነቀፈው፤ ሰዉ ደግሞ ነቀፌታውን እየሰማም ስልኩን ገዛው።

አሁን ወደ ኒት ልምጣ። ሰው በብዛት የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

ጸሐፊው ዋንፕላስ የተባለውን የቻይና ስልክ ጠቅሰው «ዋንፕላስ 12 4500 ኒት አለው፤ አይፎን 15 2000 ብቻ፤ ልዩነቱ ከእጥፍ በላይ ነው፤ ጋዜጠኞች ግን ዝም አሉ» ይላሉ። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ነገር አይለኩም። ኦሌድ ውስጥ እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ መብራት ነው። ስክሪኑ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሲሆን ሁሉም መብራቶች አብረው ይበራሉ፤ ኃይል ይበላል፣ ይሞቃል፣ ስለዚህ ስልኩ ብርሃኑን ይገድበዋል። ትንሽ ቦታ ብቻ ሲበራ፣ ለምሳሌ በጨለማ ቪዲዮ ውስጥ ያለች አንዲት የመንገድ መብራት፣ ያቺ ቦታ በጣም ልትደምቅ ትችላለች። 4500 የዚያች ትንሽ ቦታ ቁጥር ነው። ፀሐይ ላይ ወጥታችሁ ቴሌግራም ስታነቡ የምታገኙት አይደለም። ለፀሐይ የሚሆነውን ኩባንያው ራሱ 1600 ብሎ ነው የገለጸው። የአይፎን 15 2000 ደግሞ አፕል ከቤት ውጭ ለሚገኘው ጫፍ የሰጠው ቁጥር ነው። ጸሐፊው የአንዱን የቪዲዮ ጫፍ ከሌላው የፀሐይ ጫፍ ጋር አወዳድረው እጥፍ ነው አሉ። ሁለቱም ቁጥሮች ኩባንያዎቹ ስለራሳቸው የተናገሩት እንደሆነም አይርሱት። ጋዜጠኛን በኩባንያ አፍ ይናገራል ብሎ የከሰሰ ጽሑፍ፣ የኩባንያን ማስታወቂያ እንዳለ ማስረጃ አድርጎ ማቅረቡ ልክ አይደለም።

ዓይንም ብርሃንን እንደ ካልኩሌተር አይደምርም። 2000 ኒት ከ1000 እጥፍ ደምቆ አይታይም። ቀትር ላይ ደጅ ቆሞ ስክሪን ለማንበብ ከድምቀቱ እኩል የሚወስነው ነጸብራቁ ነው። ብርጭቆው ሰማዩንና የራሳችሁን ፊት መልሶ የሚያሳያችሁ ከሆነ ብዙ ኒት ብቻውን አያድናችሁም። በ2024 የወጣው ጋላክሲ ኤስ 24 አልትራ ላይ የተገጠመውን ብርጭቆ ኮርኒንግ የተባለው አምራች ነጸብራቅን እስከ 75 በመቶ ይቀንሳል ይላል። ይህ ለሳምሰንግ ትልቅ ነጥብ ነው። ያስተዋሉትና ስልኮቹን ጎን ለጎን አስቀምጠው ያሳዩት ጸሐፊው የማያምኗቸው ሪቪወሮች ናቸው። ጽሑፉ ግን ሳምሰንግን እየደገፈ ይህን ሳይጠቅስ አለፈ፤ ካርቶን ላይ ቁጥር ሆኖ ስለማይወጣ ይመስለኛል።

ስለዚህ ስልክ ስትገዙ ከሱቁ በር ውጡ። ብርሃኑን ጫፍ አድርሱት፣ ነጭ ገጽ ክፈቱ፣ ፀሐይ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያዙት። አንዳንዱ ስልክ መጀመሪያ ደምቆ ሲሞቅ ይደበዝዛል። ሻጩ እሺ ካላለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ጸሐፊው በ2013 የአፕል ኃላፊ የነበረው ቲም ኩክ ስለ ኦሌድ ዋሽቷል ይላሉ፤ በግማሽ እስማማለሁ። ኩክ በየካቲት 2013 በአንድ የባለሀብቶች ስብሰባ ላይ የኦሌድን ቀለም አጥላልቶ፣ ኢንተርኔት ላይ ዕቃ የሚገዛ ሰው ቀለሙን በኦሌድ ስክሪን አይቶ ባያምን ይሻላል የሚል ሐሳብ ተናግሯል። ከአራት ዓመት በኋላ ኦሌድ አይፎን ሸጠ። ያኔ ኤልሲዲን ሲያመልኩ የነበሩ የአፕል ደጋፊዎች በአንድ ሌሊት ኦሌድ ወዳድ ሆኑ። ይህ ያሳፍራል፤ ጸሐፊው ትክክል ናቸው። ግን የኩክ ንግግር በ2013 ውሸት አልነበረም። የዚያን ጊዜ ጋላክሲዎች ቀለም ያጋንኑ ነበር። ጥለቱ ስክሪን ላይ እንደ እሳት የቀላ የሐበሻ ቀሚስ እጅ ሲገባ ደብዘዝ ብሎ ይገኝ ነበር። ሳምሰንግም ይህን ስለሚያውቅ ነው በጋላክሲ ኤስ 4 ሴቲንግ ውስጥ የተለያየ የቀለም ምርጫ ያስገባው፤ «ሙቪ» የሚለው ለትክክለኛው ቀለም ይቀርብ ነበር። በኋላ ኦሌድ ተሻሻለ። አፕልም ሐሳቡን ቀየረ።

የዓይን ሕመሙን ጉዳይ «የኤልሲዲ ደጋፊዎች የፈጠሩት ወሬ» ማለት ግን ሰው ይጎዳል። ብዙ ኦሌድ ስክሪን ብርሃኑን የሚቀንሰው በጣም በፍጥነት እየጠፋና እየበራ ነው። በብዙ የሳምሰንግ ስልኮች ይህ በሰከንድ 240 ጊዜ አካባቢ ነው። ዓይን አያየውም፤ አንዳንድ ሰው ግን ራሱን ያመዋል፣ ዓይኑን ያቃጥለዋል። ሁሉንም ሰው አይነካም። የሚነካው ሰው ግን አለ፤ ማታ መብራት አጥፍቶ፣ ብርሃን ቀንሶ ሲያነብ ይብስበታል። ለመፈተሽ ሌላ ስልክ ብቻ ያስፈልጋችኋል። የዚያን ስልክ ካሜራ «ፕሮ» የሚለውን ምርጫ ክፈቱ፣ የሹተር ፍጥነቱን 1/4000 አድርጉ፣ ብርሃኑ ዝቅ ወዳለው ስክሪን አዙሩት። የሚርገበገብ ከሆነ ጥቁር መስመሮች ስክሪኑን አቋርጠው ታያላችሁ። አንዳንድ የቻይና ኩባንያዎች በዚህ ምክንያት ነው ፍጥነቱን ከፍ ያደረጉት፤ ኦነር 90 በሰከንድ 3840 ይላል። ኖትቡክቼክ የተባለው ሪቪው አቅራቢ ደግሞ የእያንዳንዱን ስልክ መርገብገብ ለዓመታት ሲለካ ኖሯል። ሚዲያው ሁሉ አንድ ነው ብሎ መተው እንዲህ ያለውን ሥራም አብሮ መጣል ነው።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ጋዜጠኞችና ኢንፍሉዌንሰሮች ይከፈላቸዋል የሚለው ከሜዳ የመጣ አይደለም። በማስረጃ የወጡ ጉዳዮች አሉ። በ2013 የታይዋን የንግድ ውድድር ተቆጣጣሪ ሳምሰንግን 10 ሚሊዮን የታይዋን ዶላር ቀጥቶታል፤ ሰው ቀጥሮ፣ ተራ ተጠቃሚ መስለው ኢንተርኔት ላይ ተፎካካሪውን የታይዋን ስልክ ሠሪ ኤችቲሲን እንዲያጥላሉ አድርጓል በሚል። በኅዳር 2022 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና ሰባት ክፍለ ግዛቶች ጎግልንና የሬዲዮ ኩባንያውን አይኸርትሚዲያን ከሰሱ፤ የሬዲዮ አቅራቢዎች ነክተውት የማያውቁትን ፒክስል 4 የተባለ የጎግል ስልክ «እየተጠቀምኩበት ነው» እያሉ ወደ 29 ሺህ ጊዜ አስተዋውቀዋል ተብሎ። በ9.4 ሚሊዮን ዶላር ተቋጨ። በነሐሴ 2024 ደግሞ ጎግል ስልክ በነፃ ለሚሰጣቸው ኢንፍሉዌንሰሮች ያስፈረመው ውል ከሌላ ብራንድ ይልቅ ፒክስልን ማስቀደም እንዳለባቸው የሚል ሆኖ ተገኘ፤ ሲጋለጥ ኩባንያው ያንን ቃል አወጣው።

ሦስቱንም አስተውሉ። በአንዱም ውስጥ አፕል የለም። በታይዋኑ የተከፈለው ለጋዜጠኛ አይደለም፤ ደጋፊ መስሎ ለሚጽፍ ሰው ነው። ጸሐፊው «እውነቱን ከተጠቃሚው ስሙ» ሲሉ ለዚህ ዓይነቱ ማታለል በሩን ወለል አድርገው ከፈቱ።

ነፃ ስልክ የተሰጠው ሁሉ ያሞግሳል የሚለውንም የ2019ኙ ጋላክሲ ፎልድ ይመልሰዋል። ወደ 2000 ዶላር የሚሸጥ፣ ታጣፊ ስክሪን ያለው ስልክ። ሳምሰንግ በሚያዝያ ለተመረጡ ጋዜጠኞች ቀድሞ ሰጣቸው። በቀናት ውስጥ የጥቂቶቹ ስክሪን ተበላሸ። አንዳንዶቹ ከላይ ያለውን ፕላስቲክ የመከላከያ ላስቲክ መስሏቸው ልጠውት ነበር፤ የሌሎቹ ግን ሳይነኩት ነው። ፎቶውን አነሱ፣ ጻፉ። ሳምሰንግ ሽያጩን ወደ መስከረም አዛወረና ስልኩን አስተካከለው። እነዚያ ሰዎች ዝም ቢሉ ኖሮ የሚከስረው ገዢው ነበር።

አድልዎ የለም እያልኩ አይደለም። አለ፤ ቦታው ግን ሌላ ነው። ቀድሞ ስልክ የሚያገኘው ኩባንያው የመረጠው ሰው ነው። ያ ሰው በቀጣዩ ዓመትም መመረጥ ይፈልጋል። ጽሑፉ የሚወጣበትን ሰዓት የሚወስነው ኩባንያው ነው፤ መጀመሪያ ያወጣ ብዙ አንባቢ ያገኛል። ስለዚህ ስልኩ ለጥቂት ቀን ብቻ ተይዞ ይጻፋል። በጥቂት ቀን ደግሞ ስክሪን አያረጅም። የሜትር ታክሲ ሹፌር ካርታ ከፍቶ ቀኑን ሙሉ ዳሽቦርድ ላይ የሚያስቀምጠው ኦሌድ ስልክ ከጊዜ በኋላ የካርታውን ቁልፎች ጥላ እንደያዘ ይቀራል። በ2017 ፒክስል 2 ኤክስ ኤል ላይ ይህ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለታየና ስለተጻፈ ጎግል ዋስትናውን ወደ ሁለት ዓመት አራዘመ። አብዛኛው ስልክ ግን ይህን ጥላ የሚያሳየው ሪቪው አድራጊው ወደ ሌላ ስልክ ካለፈ በኋላ ነው። ጸሐፊው ሊተቹ የሚገባው ይህን ነበር፤ አንድም መስመር አልጻፉበትም።

ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካው ሌላ ነገርም አለ፤ ለእኛ ገዢዎች ደግሞ ዋናው እሱ ነው። መርካቶ ወይም መገናኛ ያገለገለ ስልክ ስትገዙ ስክሪኑ የተቀየረ ሊሆን ይችላል። ለኦሌድ አይፎን የሚገጠም ርካሽ ኤልሲዲ ስክሪን በገበያ ላይ አለ፤ ጥገና ቤቶች «ኢንሴል» የሚሉት። ስልኩ ያው ነው፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥርም ያው ነው፤ ስክሪኑ ግን ሌላ ነው። ሙሉ ጥቁር ፎቶ ክፈቱ፣ ብርሃኑን ከፍ አድርጉ፣ በእጃችሁ ወይም በነጠላ ከልላችሁ እዩት። እውነተኛ ኦሌድ ድቅድቅ ጥቁር ይሆናል፤ የጠፋ ይመስላል። ኤልሲዲው ግራጫ ሆኖ ያበራል። አይፎን ኤክስ አርና አይፎን 11 ከመጀመሪያውም ኤልሲዲ ስለሆኑ በነሱ ላይ ይህ ፍተሻ አይሠራም። ከአይፎን 11 ጀምሮ ግን ሴቲንግ ውስጥ፣ ስክሪኑ የአፕል መሆኑ ካልተረጋገጠ የሚነግር መልእክት ይመጣል፤ እሱን ፈልጉ። የደጋፊዎቹ ክርክር የቱንም ያህል ቢጦፍ፣ እጃችሁ ላይ ያለው ስክሪን የአፕልም የሳምሰንግም ላይሆን ይችላል።

ጸሐፊውን ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። የ4500ውንና የ2000ውን ንጽጽር ያርሙ፤ ሰው በሱ ተማምኖ ስልክ እየመረጠ ነው። ስለ ራስ ምታቱ የጻፉትን ያንሱ፤ የሚታመም አንባቢ አላቸው። ተከፍሏቸዋል ያሏቸውን ጋዜጠኞች በተመለከተ ደግሞ ማን፣ መቼ፣ ከማን እንደተቀበለ ያቅርቡ። ካቀረቡ እኔም አብሬያቸው እጽፋለሁ።